የኦርጋኑ ድንጋዮች

ባለፈው ሰሞን የልጄ መጫወቻ መኪና አልንቀሳቀስ አለ። የባትሪ ክዳኑን ስከፍተው ድንጋዮቹ ፈስሰው፣ ሽቦው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ጋግሯል። ሳንቲም አፍ ውስጥ ሲይዙት እንዳለው ዓይነት ኮምጠጥ ያለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ባለቤቴ፣ ጣይውና ሌላ ይገዛል አለኝ። እኔ ግን ማድ ቤት ገብቼ ሎሚ መቁረጥ ጀመርኩ። ጨርቅ በሎሚው እየነከርኩ ሽቦውን ስፈትግ ቤቴ ውስጥ አልነበርኩም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበርኩ፣ አያቴ ጉልበት ሥር ቁጢጥ ብዬ።

ያን ዓመት ገና ማንበብ እየለመድኩ ነበር። ቤታችን ከሰሊጥ ገበያው ብዙ አይርቅም፤ በአጨዳ ሰሞን ነፋሱ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። አባቴ ዝናቡ ሲጀምር ፋሽጋ እርሻ ላይ ሥራ ይገባና አዝመራው ካልተሰበሰበ አይመለስም። ስለዚህ ክረምቱን ቤት የምንሆነው እናቴ፣ የእናቴ አባት አባባ ተገኘና እኔ ነን። ጋሼ ዘመነም ነበር፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ይሄ ሁሉ ታሪክ የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

አባባ ተገኘ ዕድሜያቸውን ትራክተር ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ከጭልጋ ተሰደው መጥተው፣ ቁረይሻ አካባቢ ያላረሱት የሰሊጥና የማሽላ መሬት አልነበረም። የሞተሩ ጩኸት አንዱን ጆሯቸውን ስለወሰደባቸው ሲያወሩ ይጮኻሉ፣ እኛም ለእሳቸው ስንናገር እንጮኻለን፤ አዲስ እንግዳ ሲመጣ የተጣላን ይመስለው ነበር። ለእሳቸው በዚህ ዓለም ያለ ነገር ሁሉ ወይ ነዳጅ ጨርሷል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ማርሽ አልገባ ብሎታል። እናቴ ራሷን አሟት ስትተኛ እንኳ፣ ሞተሯ ስለጋለ ነው፣ ተያት ትቀዝቅዝ ይሉኛል።

ጋሼ ዘመነን ትራክተር ላይ ሊያወጡት ቢደክሙም አልሆነላቸውም። እሱ የወደደው አንድ አሮጌ ኦርጋን ነው። ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ፣ ነጫጭ ቁልፎቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ቢጫ የሆኑ። ከግድግዳ በቻርጀር ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሆዱ ውስጥ በሚገቡ ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች። ጋሼ ዘመነ ይሄንን በአንሶላ ጠቅልሎ የሐበሻ ሰርግ ባለበት ሁሉ ይሄዳል። አያቴ ግን ኦርጋኑን ማየት አይፈልጉም። በተወለዱበት አገር ሰርግ ላይ የሚጫወት ሰው አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ይሸለማል እንጂ ሰው ልጁን አይድርለትም።

"የአዝማሪ አባት አታስብለኝ" ይሉታል፣ እንደ ልማዳቸው ሰፈር እየሰማ።

እሱ አንሶላውን ጠበቅ አድርጎ ይወጣል። አንድም ቀን እሳቸው ፊት ተጫውቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ሄደ። በሊቢያ በኩል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤት ውስጥ ግን "መንገድ" ብቻ ነው የሚባለው። የሄደ ዕለት አያቴ በጠዋት ሹልክ ብለው ወጥተው ነበር። ላለመሰናበት ይሁን እንባቸውን ላለማሳየት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼ ዘመነ በሩን አየት አየት ካደረገ በኋላ ኦርጋኑን አልጋ ላይ አስቀመጠና አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ዜማ ተጫወተ። አጭር ዜማ ናት። መሐል ላይ ጣቱ ሳተና ዜማዋ እንቅፋት እንደመታው ሰው ደንገጥ ብላ ቀጠለች። ከዚያ ሌላ ቁልፍ ሲጫን ኦርጋኑ ያንኑ ከነእንቅፋቱ ደገመው። ቀድቼላችኋለሁ አለን።

ደንቡንም ነገረን። ዜማው የሚቆየው ኦርጋኑ ኃይል እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ከማውጣታችን በፊት ቻርጀሩን መሰካት አለብን። ድንጋይም ቻርጀርም ካጣ ሁሉን ይረሳል።

"አደራ ማሬ፣ ባዶ ሆዱን እንዳታሳድሩት" ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። ኦርጋኑ እስከበላ ድረስ ጋሼ ዘመነ ደህና ነው፤ ባዶ ሆዱን ያደረ ቀን ግን እሱም እዚያ በረሃ ላይ ይወድቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም። እንዲያ አለመሆኑንም የነገረኝ የለም፤ ስለ መንገድ የማይወራበት ቤት ውስጥ ልጅ የፈለገውን ያምናል። የድንጋዮቹን መድከም የምትናገረው ትንሽ መብራት አንድ ቀን ብልጭ ድርግም ስትል፣ ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ በኩባያ ውሃ ቀድቼ ኦርጋኑ አጠገብ አኖርኩለት። እናቴ ስታየው በኤሌክትሪክ ልትፈጂን ነው ብላ ልትገርፈኝ ተነሣች። ያዳኑኝ አያቴ ናቸው። ባትሪ ውሃ ሲያንሰው ውሃ ይጨመርለታል፣ ልጅቷ ምን አጠፋች ብለው ኩባያውን ራሳቸው ጠጡት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዜማውን የምታሰማን እናቴ ነበረች። ማታ ማታ ከራት በፊት ቁልፉን ትጫናለች፣ ዜማዋ ትሄዳለች፣ እንቅፋቷ ጋ ስትደርስ እናቴ ፈገግ ትላለች። አያቴ ያኔ ውጭ የገመድ አልጋቸው አንገሬብ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ዜማዋ ጎተት ጎተት ስትል ከውጭ ድምፃቸው መጣ።

"ይሄ ነገር ባትሪው ደክሟል።"

እናቴና እኔ ተያየን። ሰውዬው ለካ በዚያች በቀረቻቸው ጆሮ ሲሰሙ ነበር የከረሙት።

በማግሥቱ አንሶላውን ገልጠው ኦርጋኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰኩ፤ ደንቡን ከእናቴ ጠይቀው ነበር። የሆዱን ክዳን ሲከፍቱ ያ ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። ሎሚ አሉኝ። ሎሚ በዱቄቱ ላይ ሲንጠባጠብ ሽሽሽ ብሎ አረፋ ያወጣል፣ እኔም የዳነ መስሎኝ አጨበጭባለሁ። ሞላዎቹን በክብሪት ቀፎ ጎን ፈተጉ። ከባትሪ መብራት የወጣች አምፖል በሁለት ሽቦ አስረው እያንዳንዱን ድንጋይ ፈተኑ፤ ብርቱው ቢጫ ያበራል፣ የደከመው ቀላ ይላል። አንዱ ከለገመ ሌሎቹንም እንደሚጎትታቸው ነገሩኝ። የለገመውን ለሬዲዮው ሰጥተው የሬዲዮውን ለኦርጋኑ አዞሩ። ለእሳቸው ዜናን በደከመ ድንጋይ መስማት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦርጋኑ የእሳቸው ሥራ ሆነ። አንድ ቀን የቻርጀሩ ገመድ ሲነካ ድምፁ ቁርጥ እያለ ይመለስ ጀመር። አንገቱ ጋ እጥፍ አድርገው ሲይዙት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ጎማ ቆርጠው ገመዱን እንደታጠፈ አሰሩትና ችግሩ አለቀ። እናቴ፣ ሬዲዮ ሠሪ ይየው ብትላቸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ትራክተር ስንት ዓመት በከመነዳሪ ታስሮ ሲያርስ አይተዋል።

ዜማውንም አሁን የሚጫኑት እሳቸው ሆኑ። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ አንዳንዴ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ይነካሉ። እንቅፋቷ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ "እዚህ ጋ ማርሽ ሳተ።" መጀመሪያ ነቀፋ ነበር። እየቆየ ግን ቀድመው መጠበቅ ጀመሩ፤ ልትደርስ ስትል እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ስትደናቀፍ ጭናቸውን ይመታሉ፣ ስታልፍ ደግሞ እኔን አይተው ይስቃሉ። እወዳቸው ነበር። እንደዚያ ሲስቁ ደግሞ በጣም እወዳቸው ነበር።

ዝናቡ ጠና። የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ መብራትም ሲመጣ ሲሄድ ይከርማል። ከጋሼ ዘመነ ወሬ የለም። አብሮት የወጣ አንድ ልጅ ከቤንጋዚ ለቤተሰቡ ደውሎ፣ ዘመነን በረሃው መሐል ኩፍራ ላይ ነው የተለየሁት ማለቱን ሰማን። ወሬውን ያመጡልን ጎረቤቶች ከንፈራቸውን መጠጡና ሄዱ። እናቴ ምግብ አልወርድላት አለ። አያቴ ድንጋዮቹን የሚፈትኑበትን ጊዜ አበዙ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ኦርጋኑን ነው። ብልጭ ድርግም የማይል ከሆነ ደብተሬን አስቀምጬ እበላለሁ።

እዚያ አገር የደከመ ድንጋይ አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የየቤቱ ጣራ ላይ ብትወጡ፣ ወይካ ለሚባለው ወጥ የሚደርቀው ባሚያ አንድ ወገን፣ ድንጋዮቹ አንድ ወገን ተሰጥተው ታገኛላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲግሉ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ፣ ሬዲዮውም ጥቂት ቀን ይናገራል። ዝናቡ ለቀናት ዘንቦ ዘንቦ አንድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል ሰፈሩ በሙሉ ጣራ ላይ ወጣ። አያቴም ደስ አላቸው። ደክመው የነበሩትን የኦርጋኑን ድንጋዮች በደንብ ሊያሞቋቸው ነው። እናቴ ገበያ ነበረች። ደንቡን አልሳቱም፦ መጀመሪያ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ቻርጀሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት መብራቷን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው መሰላሉን ወጡ። ቀኑን ሙሉ እየወጡ ሲያገላብጧቸው ዋሉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ትኩስ ድንጋዮቹን በነጠላ ይዘው ወረዱና መለሷቸው። ቁልፏን ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ። ጣታቸውን ነጫጮቹ ላይ ሲያሳርፉ ኦርጋኑ ጮኸ፣ ከዚያ በፊት ሰምተነው በማናውቀው ጥራት። ድምፁ ሁሉ አለ። ዜማዋ ብቻ የለችም።

"ጋሼ ዘመነ ሞተ" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አሉኝ፣ ጆሯቸውን አዙረው።

ስለማይሰሙ ጮኼ ደገምኩላቸው። እናቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩን የከፈተችው ያን ጊዜ ነው። ዘንቢሉ ወደቀ፣ ሽንኩርቱ ጭቃው ላይ ተንከባለለ፣ እሷም እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ማን ነገራችሁ ትላለች፣ ማን ደወለ ትላለች። እኔ እያለቀስኩ ኦርጋኑን ሳሳያት ነው ነገሩ የገባት። ያኔ እቅፍ አደረገችኝና፣ እንደሱ አይደለም ማሬ፣ ሰው በድንጋይ አይኖርም አለችኝ። ግን እሷም እየተንቀጠቀጠች ነበርና አላመንኳትም።

አባቷን አልወቀሰቻቸውም። ብትወቅሳቸው ይሻል ነበር። አያቴ ያን ማታ እራት አልቀመሱም፤ ቻርጀሩን በእጃቸው ይዘው "በርቶ ነበር እኮ" ብቻ ይላሉ። ቅስማቸው ተሰብሮ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ኦርጋኑን በአንሶላ ጠቅልለው፣ ልክ ጋሼ ዘመነ ይይዘው እንደነበረው በብብታቸው ይዘው ወጡ። እኔም ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ተከተልኳቸው። በባለሦስት እግሯ ርክሻ ገበያ ወረድን። ሬዲዮ ሠሪው ኢድሪስ የመተማ ሰው ነው፣ ሱቁም የጋሼ ዘመነ መዋያ ነበር። ኦርጋኑን ሲያይ ስለ ባለቤቱ ጠየቀ፤ አያቴ ወሬ የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢድሪስ የመለኪያውን ሁለት ሽቦ ቻርጀሩ ጫፍ ላይ አስነካ፣ ገመዱን አንገቱ ጋ አጠፍ ዘርጋ አደረገ፣ ከመነዳሪውን በምላጭ ቆረጠ።

"ሙሽኪላው ይሄ ነው አባ ተገኘ" አለ። "ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። ጎማው ጠበቅ እያለ ይነካካው ነበር፣ በሙቀቱ ሲላላ ተለያየ።"

"ቀዩ በርቶ ነበር" አሉ አያቴ።

"ቀዩ ኃይል ከግድግዳው መምጣቱን ነው የሚናገር። ኦርጋኑ ጋ መድረሱን እሱ አያውቅም።"

ከዚህ በፊት ገመዱ ቁርጥ ሲል ዜማው እንዳልጠፋ አያቴ ተከራከሩት። ኢድሪስም ኦርጋኑ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ ቀኑን ሙሉ ግን እንደማይችል በትዕግሥት አስረዳቸው። ሽቦውን ቆርጦ እንደገና በየደው። የብየዳው ጭስ ሲነሣ አያቴ ጎንበስ ብለው ዜማው ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቁት።

"ኸላስ" አለ ኢድሪስ ቀስ ብሎ። "የሄደው ሄዷል፣ ወላሂ።"

አያቴ ጆሯቸው ያልሰማ መስለው፣ አንዴ ደግመህ እየው አሉት። እሱም ምንም እንደማይገኝ እያወቀ ክዳኑን ፈትቶ አየላቸው። ስለዚህ ነገር ኢድሪስን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከመሄዳችን በፊት አያቴ የትራክተር ባትሪ ከኦርጋኑ ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠየቁ። ጉልበቱ ከቻርጀሩ እኩል ነው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ብቻ እንዳያሳስቱ አላቸው፤ ገመዱንም ሠርቶ ሰጣቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የትራክተር ባትሪ ገባ። ድሮ ይሠሩበት ከነበረው ጋራዥ ለምነው ያመጡት አሮጌ ነው። ሲደክም በርክሻ ጭነው ጋራዥ ይወስዱታል፣ ሲሞላ ያመጡታል፤ ቻርጀሩና ድንጋዮቹ ደግሞ በመሐል ይጠብቃሉ። ጎረቤት ጉድ አለ። እናቴ፣ አባዬ ምን ሊጠብቅ ነው ባዶ ኦርጋን የሚቀለበው ስትላቸው፣ የማረሻ ወቅት ባይሆንም ትራክተር እንደሚነሣ ሆኖ ነው የሚቆመው አሏት። ኦርጋኑን ግን አንዴም አይነኩትም። እኔ ደግሞ ጋሼ ዘመነን ሞቷል ብዬ ለራሴ ደምድሜ፣ ትምህርት ቤት ለአንዲት ልጅ ብቻ በሚስጥር ነግሬ፣ ያዘነ ሰው ፊት ይዤ እዞር ነበር።

ማሽላው ማሸት ሲጀምር ነው አንድ የርክሻ ነጂ ደጃችን ላይ ቆሞ ጡሩምባውን የነፋው። ኢድሪስ ልኮት ነው። ዘመነ ሱቁ ጋ ደውሏል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ መልሶ ይደውላል። እናቴ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። አያቴ ባትሪውን ያን ጠዋት ጋራዥ አድርሰው ስለነበር ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ መንገዱን በሙሉ እጆቻቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

ስልኩ ሲጮኽ ኢድሪስ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ስሙን ጠርታ ማልቀስ ብቻ ሆነ፤ ለአባቷ አቀበለቻቸው።

"ዘመነ፣ አለህ?"

"አለሁ አባዬ። ደህና ነኝ፤ ታምሜ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ።"

ድምፁን እኔም ሰማሁት። ኦርጋኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ጋሼ ዘመነ ይናገራል። የኢድሪስን ጠረጴዛ እግር ያዝኩ።

አያቴ የት ነህ አላሉትም፣ ምን ትበላለህ አላሉትም።

"ዜማህን አጠፋሁት" አሉት። "ድንጋዩን ፀሐይ ላሰጣ ብዬ። ቀዩ በርቶ ነበር፣ ሽቦው ለካ ተበጥሷል።"

"የቱን ዜማ?"

"የሄድህ ለት የቀዳሃትን።"

"አባዬ፣ እኔ እንኳ የቷ እንደነበረች ረስቻታለሁ። በጥድፊያ የነካካሁት ነው፤ አይዘኑ።"

"ረስተሃታል?" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። "እኔ አልረሳኋትም።"

እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ቁጭ ባለበት፣ አባባ ተገኘ ዜማዋን አዜሙለት። ቃል የላት፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ብቻ፣ ትራክተር ላይ እንዳለ ሰው ጮክ ብለው። ድምፃቸው አያምርም። በነፃ እጃቸው ጭናቸውን ይመታሉ። እንቅፋቷ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ከፍ አለ፣ ልክ እዚያችው ጋ ተደናቀፉ፣ አለፏትና ጨረሷት። ኢድሪስ የብየዳ ብረቱን ማስቀመጫው ላይ አኖረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነበር።

"እዚያ ጋ እኮ ተሳስቼ ነው" አለ ጋሼ ዘመነ፣ እያለቀሰ።

"አውቃለሁ። ማርሽ ስተሃል። እንዳለች ትሁን፣ እንዳትነካት።"

መስመሩ ተቋረጠ። አያቴ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለኢድሪስ መለሱለት። በሩ ሥር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ጎኑ ላለው ዝቅ ብሎ፣ እኚህ አባት አዝማሪ ናቸው እንዴ ብሎ ጠየቀ። ጮኸን የምንነግራቸውን የማይሰሙት አያቴ ይችን ሰሟት።

"አይደለሁም" አሉት ዞር ብለው፣ በዚያው በድሮው ድምፅ፣ ገበያው እየሰማ። "የአዝማሪ አባት ነኝ።"

ከዚያ በጋራዡ በኩል ዞረን፣ ሲሞላ የዋለውን ባትሪ ርክሻው ላይ አስጭነን ወደ ቤት ገባን።